ጣሪያ የገለበጠው ነፋስ እና ሰው ያልሞላው ቅጽ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የመንደራችን የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከኃይለኛ ነፋስ ጋር መጥቶ የሰባት ብሎኮችን ጣሪያ ቆርቆሮ ከነሞራሌው ነቅሎ ወሰደ። ሮቶ የወደቀበት፣ መስኮቱ የረገፈበት፣ ምድር ላይ ያለው ቤቱ በጎርፍ የተሞላበትም ብዙ ነው። ያን ዕለት ማታ ነዋሪው ፎቶውንና የድምፅ መልእክቱን በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሲልክ አመሸ፤ በማግስቱ ወረዳው «የተጎዱትን ቤቶች ዝርዝር አምጡ» ሲለን ግን የትኛው ፎቶ የየትኛው ብሎክ እንደሆነ መለየት አቃተን። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚያውቅ የመንደሩ ልጅ በጎግል ፎርም 31 ጥያቄ ያለው ቅጽ አዘጋጀልን፤ ሊንኩን ለቀቅን፤ በሳምንቱ ስናየው የሞላው ሰው እፍኝ አይሞላም። ብዙዎች ጀምረው እንደተዉት ነገሩን። የተሞላውም ቢሆን ሰዓቱን አንዱ «9፡30» ሌላው «15፡30» ያለበት፣ የመንደሩ ስም በአራት ዓይነት አጻጻፍ የተጻፈበት፣ የጉዳቱ መጠን ሲጠየቅ ሁሉም «እጅግ ከፍተኛ» የሚለውን የመረጠበት ነው። ክረምቱ ገና መግባቱ ነውና ለሚቀጥለው ጊዜ ምን ብናስተካክል ይሻላል?

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔ ደጋግሞ ያረፈው በወረዳው አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፤ «የተጎዱትን ቤቶች ዝርዝር አምጡ»። ቅጹ መሠራት የነበረበት ከዚህ ተነሥቶ ነው። የቅጽ ጥያቄ የሚወጣው በመጨረሻ ከሚፈለገው ዝርዝር ወደ ኋላ በመቁጠር እንጂ ቢጠየቅ ጥሩ ነው የተባለውን ሁሉ በመደርደር አይደለም። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ሰንጠረዥ አስምሩ፤ በየዓምዱ አናት ላይ ወረዳው፣ ማኅበሩና ጣሪያውን የሚጠግነው አናጺ የሚፈልጉትን ጻፉ፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ዓምድ «ይህን መልስ ይዞ የሚንቀሳቀሰው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም የማይንቀሳቀስበት ዓምድ ይሰረዝ። የቤተሰብ አባላት ዕድሜ፣ የሥራ ሁኔታ፣ የወር ገቢ የሚሉ ጥያቄዎች በ31ዱ መካከል ካሉ ለጥናት ይጠቅሙ ይሆናል፤ ጣሪያው ለተነቀለበት ሰው ሸራ ለማድረስ ግን አይጠቅሙም። በእኔ ግምት ለእናንተ መንደር ስምንት ጥያቄ ይበቃል። ቅጹን የሚሞላው ሰው እግሩ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ በሌላው እጁ ፍራሽ እየጎተተ ሊሆን እንደሚችል አትዘንጉ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በፊት ግን ጥያቄ ያልሆነ አንድ ነገር በቅጹ አናት ላይ በጉልህ መጻፍ አለበት። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ወይም እሳት ከተነሣ ቅጹን ትቶ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከተበጠሰ ወይም ምሰሶ ከወደቀ ደግሞ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 መደወል ይገባል። ቅጽ የሚነበበው ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ሲከፍተው ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ በማግስቱ ሊሆን ይችላል። ሽቦ ደጅ ላይ ወድቆ «ሞልቻለሁ፣ ይመጣሉ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ቅጹ ጎድቶታል ማለት ነው።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ የመንደሩ ስም በአራት ዓይነት መጻፉ የነዋሪው ጥፋት አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ «አራብሳ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ዐራብሳ» ብሎ የጻፈው ሰው አይመጣላችሁም። ስለዚህ ሊመረጥ የሚችል ነገር ሁሉ ከዝርዝር ይመረጥ እንጂ አይጻፍ፤ የብሎክ ቁጥሮቻችሁ ይታወቃሉና ሁሉንም ደርድሯቸው፤ ፎቁም እንደዚሁ። በእጅ የሚጻፈው የቤት ቁጥሩና የስልክ ቁጥሩ ብቻ ይሁን። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ምትክ ስልኩ ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ እንዲልክ ማድረግ ይበቃል ይላሉ፤ ለኮንዶሚኒየም ግን አይበቃም። ስልክ በገላጣ ሜዳ ላይ ቦታን የሚያሳየው በአምስት ሜትር ገደማ ስሕተት ነው፤ ሕንጻዎች ሲከብቡት ስሕተቱ ይሰፋል፤ ከዚያም በላይ ምድር ላይ ያለው ቤትና ከበላዩ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ናቸው። ጂፒኤስ በእርግጥ የሚጠቅመው ከመንደራችሁ ወዲያ ላሉት፣ የቤት ቁጥር ላልተለጠፈባቸው የግል ቤቶች ነው።

የሰዓቱን ነገር በተመለከተ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎት። ኮተቤ ውስጥ በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤቴ ተመሳሳይ ቅጽ ሲሞሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። «ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓት» የሚለው ጋ ሲደርሱ ዝናቡ የመጣው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነበርና 9፡30 ብለው ጻፉ፤ ስልኩ ኤ ኤም ወይስ ፒ ኤም ብሎ ሲጠይቃቸው ጣታቸውን አንሥተው ጥቂት አሰቡና የመጀመሪያውን ነኩ። በሰንጠረዡ ላይ ዝናቡ የዘነበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኖ ተመዘገበ። ቀኑን ሲመርጡም የተዘረጋላቸው የቀን መቁጠሪያ የፈረንጆቹ ነበር፤ ወሮቹ በቁጥር ሰፍረዋል፤ ግንቦት ዘጠነኛ ወራችን ነውና እርሳቸውም በቀና ልብ ዘጠነኛውን ወር መረጡ፤ ያ ግን ሴፕቴምበር ነው። አዛውንቷ ያጠፉት አንዳች ነገር አልነበረም፤ ቅጹ ነበር በእርሳቸው አቆጣጠር ያልተሠራው።

ከዚህ የተማርኩት የሰዓትና የቀን ሣጥን በእንዲህ ዓይነት ቅጽ ላይ ፈጽሞ አለማስገባትን ነው። ነፋሱ በመንደሩ ሁሉ ላይ የመጣው በአንድ ጊዜ ስለሆነ ጸሐፊው አንድ ጊዜ ቢመዘግበው ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ አደጋ የቅጹን አዲስ ቅጂ አውጥታችሁ በርእሱ ላይ «የግንቦት 20 ከሰዓት በኋላው ነፋስና በረዶ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት። ዘግይቶ የታየ ጉዳት ካለ፣ ለምሳሌ ኮርኒሱ በሦስተኛው ቀን የወረደ እንደሆነ፣ «በዚያው ዕለት»፣ «በማግስቱ»፣ «ከዚያ በኋላ» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ይበቃሉ። ቅጹ የተላከበትን ሰዓት ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል።

ሁሉም ሰው «እጅግ ከፍተኛ» የሚለውን መምረጡም ሊያስገርማችሁ አይገባም። ለማጋነን ብሎ አይደለም፤ የገዛ ቤቱ ላይ ዝናብ ለሚዘንብበት ሰው ከዚያ የሚበልጥ ጉዳት የለም። ሰውን ጉዳቱን እንዲመዝን ሳይሆን ያየውን እንዲናገር ጠይቁት። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የመሬት መንቀጥቀጥ የተሰማቸውን ሰዎች በኢንተርኔት ቅጽ ይጠይቃል፤ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ወድቆ እንደሆነ፣ የተሰቀለ ሥዕል ከቦታው ተንቀሳቅሶ እንደሆነ፣ ግድግዳ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይጠይቅና የንዝረቱን ብርታት ከመልሶቹ ያሰላል። በታኅሣሥና በጥር 2017 የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ፎቅ ላይ የነበርን ሰዎች ዛሬም የምናስታውሰው እንዲህ ያለውን ነገር ነው፤ የተወዛወዘውን አምፖልና የተንኳኳውን ብርጭቆ። የንዝረቱን ልክ ግን ከመካከላችን በቁጥር ሊናገር የሚችል አልነበረም።

በእናንተ ቅጽ ላይ የጣሪያው ጥያቄ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ከቤትዎ በላይ ያለው ቆርቆሮ በቦታው አለ፣ አያፈስም»፣ «በቦታው አለ፣ ያፈሳል»፣ «በከፊል ተነሥቷል»፣ «ሙሉ በሙሉ ተነሥቷል»። የጎርፉ ጥያቄ ደግሞ በሰውነት ልክ ይሁን፤ «ወለሉን አርጥቧል»፣ «እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል»፣ «እስከ ጉልበት ደርሷል»፣ «ከጉልበት አልፏል»። የአሜሪካ የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲም የተጎዱ ቤቶችን ከ«የተነካ» እስከ «የወደመ» በደረጃ ሲከፍል አንዱ መለኪያው ውኃው በቤቱ ውስጥ የደረሰበት ከፍታ ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ «ዛሬ ማታ እዚህ ቤት ውስጥ ማደር ይችላሉ?» የሚለውን። «አልችልም» ያሉት ቤቶች ከዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጡ። በዚያች ማታ የሚያስፈልጋችሁ ደረጃ ይኸው ብቻ ነው።

በደብዳቤዎ ያልተነሣ፣ ነገር ግን ቁጥራችሁን የሚያዛባ ሌላ ነገር አለ። በጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከግል ቤቶቹ ውጭ ያለው የሕንጻው ክፍል የጋራ ነው፤ ጣሪያውም የዚያው አካል ነው። በአንድ ብሎክ ውስጥ ሃያ ሰው «ጣሪያችን ተነቅሏል» ብሎ ቢሞላ የተነቀለው አንድ ጣሪያ ነው፤ በሌላ በኩል ምድር ላይ የሚኖረው ሰው «እኔ አልተጎዳሁም» ብሎ ቢተወውም የጣሪያው ጥገና የእርሱም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቅጹን ለሁለት ክፈሉት። ስለ ጣሪያ፣ ስለ አሸንዳ፣ ስለ ደረጃ፣ ስለ ውኃ ማጠራቀሚያና ስለ ፍሳሽ መስመር የሚጠይቀውን የብሎኩ ተወካይ አንድ ጊዜ ይሙላው፤ ስለ መስኮት፣ ስለ ኮርኒስና ስለ ቤት ዕቃ የሚጠይቀውን እያንዳንዱ ቤት ይሙላ። ለወረዳው የሚሄደው ዝርዝርም ሁለት ይሆናል፤ የብሎኮች እና የቤቶች። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲቀርቡ አንዱ ከሌላው ጋር አልጣጣም እያለ የሁለቱም ታማኝነት ይጎዳል።

መሣሪያውን በተመለከተ ጎግል ፎርምን መተው አያስፈልግም፤ ሰው ለምዶታል፣ ዋጋ አይከፈልበትም፣ መልሱንም በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። ሆኖም ሁለት ድክመቶቹን ማወቅ ይገባል። አንደኛ፣ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ከነፋስ በኋላ ደግሞ መብራቱም ኔትወርኩም አብረው የሚጠፉበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ በቅጹ ውስጥ ፎቶ እንዲጫን ከጠየቃችሁ ነዋሪው በጎግል አካውንቱ መግባት ግድ ይሆንበታል፤ ስልኩ የተከፈተው በልጁ ወይም በሻጩ አካውንት ለሆነና የይለፍ ቃሉን ለማያስታውስ ሰው ቅጹ እዚያ ላይ ያበቃል። ጀምረው የተዉት ሰዎች ብዛት ከዚህ የመጣ እንደሆነ ብታጣሩ መልካም ነው። ፎቶውን ከቅጹ አውጡትና ለዚሁ ወደተመደበ አንድ የቴሌግራም ቁጥር፣ የብሎክና የቤት ቁጥር ከሥሩ ተጽፎ እንዲላክ አድርጉ። ለብሎክ ተወካዮች ደግሞ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለውን የቅጽ ማዘጋጃ መሣሪያ እመክራለሁ። በሃርቫርድ የሰብዓዊ ጉዳዮች ኢኒሼቲቭ የተጀመረና የእርዳታ ድርጅቶች በብዛት የሚጠቀሙበት ነው፤ ኮቦ ኮሌክት የተባለው የአንድሮይድ መተግበሪያው ቅጹን አስቀድሞ ካወረደ ኔትወርክ በሌለበት ሞልቶ ያስቀምጣል፣ ኔትወርክ ሲመለስ ይልካል፤ ፎቶም ያለ ጎግል አካውንት ይቀበላል። አንዱን ቅጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ማዘጋጀትም ይቻላል፤ በከተማው ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ይህ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው።

ሰንጠረዡን ወደ ኤክሴል ስታዛውሩ የሚያጋጥሙ ሁለት ጥቃቅን ችግሮች አሉ። ከ09 ወይም ከ07 የሚጀምረው የስልክ ቁጥር መነሻ ዜሮው ሊጠፋ ይችላል፤ የአማርኛው ፊደልም ተዘበራርቆ ሊታይ ይችላል። ፋይሉን በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ ከኤክሴል ውስጥ ሆናችሁ ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን የፊደል አቀማመጥ መርጣችሁ አስገቡት፤ የስልኩንም ዓምድ ጽሑፍ ነው በሉት።

ቅጹ ሲያልቅ ከመልቀቃችሁ በፊት ለሦስት ሰው ስጡ፤ አንዱ የብሎክ ጥበቃ፣ አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት፣ አንዱ ደግሞ ቅጹን ካዘጋጀው ልጅ ጋር የማይተዋወቅ ወጣት ቢሆን እመርጣለሁ። አጠገባቸው ሁናችሁ አታስረዱ፤ ዝም ብላችሁ ጣታቸው የት ላይ እንደሚቆም ተመልከቱ። ጣታቸው የቆመበት ጥያቄ ይስተካከል ወይም ይውጣ።

ስለ ተስፋም አንድ ቃል ልበል። የቴክሳስ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነዋሪው ጉዳቱን ራሱ የሚያሳውቅበት የኢንተርኔት ቅጽ አለው፤ መሙላቱ በፈቃደኝነት እንደሆነ፣ ለመድን ድርጅት ማሳወቅን እንደማይተካና እርዳታ ለማግኘት ዋስትና እንደማይሆን በግልጽ ይነገርበታል። የእናንተም ቅጽ እንዲሁ ይበል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የገባውን ቃል ይፈጽም፤ በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ብሎክና ስንት ቤት እንደተመዘገበ፣ ዝርዝሩ ለማን በየትኛው ቀን እንደተሰጠና ምን መልስ እንደተገኘ በግሩፑና በጥበቃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። «ገና መልስ አልመጣም» የሚለውም መልስ ነውና ይለጠፍ። ብዙ መንደር ውስጥ ሁለተኛው ቅጽ ሳይሞላ የሚቀረው የመጀመሪያው የት እንደገባ ሰው ስላላወቀ ነው።

አንድ ቤት በባል፣ በሚስትና በተከራይ ሦስት ጊዜ ቢሞላ አትቆጡ፤ በብሎክና በቤት ቁጥር ደርድሩና አንድ ረድፍ አድርጓቸው፤ ልዩነት ካለ ደውላችሁ ጠይቁ። ይልቁንም የሚያሳስበኝ አንድም ሰው ያልሞላበት ብሎክ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ የታየው ብሎክ ጉዳት ያልደረሰበት ነው ብሎ መገመት ቀላል ነው፤ ሆኖም መብራት ከተቋረጠበት፣ ስልኩ ከጠፋበት፣ ሰው ዕቃውን ሲያወጣ ካደረበት ብሎክ መልእክት አይመጣም። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሞልተው በመካከል አንድ ብሎክ ዝም ካለ መጀመሪያ በእግር መሄድ ያለባችሁ ወደዚያ ነው። ስለዚህ በየማታው ሁለት ነገር አንብቡ፤ የሞሉትን እና ያልሞሉትን። የብሎኮቻችሁን ሙሉ ዝርዝር አስቀድማችሁ በወረቀት ከያዛችሁ ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ወላጅ እናቴ ግን ቱሉ ዲምቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስልካቸው ተራ የቁልፍ ስልክ ነው፤ ማንበብም አይችሉም። በሰፈራቸው የጎርፍና የነፋስ ጉዳት የሚመዘገበው በሊንክ ብቻ ስለሆነ ባለፈው ዓመት የእርሳቸው ቤት ከዝርዝሩ ሳይገባ ቀረ። እንደ እርሳቸው ላሉት ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ የእናትዎ ቤት ከዝርዝሩ መቅረቱ በጣም ያሳዝናል፤ ሊስተካከል የሚችል በመሆኑ ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል። ቅጽ ማለት ጥያቄዎቹ እንጂ ስክሪኑ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ሄይቲን ርዕደ መሬት በመታት ጊዜ ሰዎች በተራ ስልካቸው ወደ 4636 አጭር መልእክት ይልኩ ነበር፤ በሄይቲ ክሪዮል የተጻፈውን መልእክት አብዛኞቹ በውጭ የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች እየተረጎሙ ቦታውን ያመላክቱ ነበር፤ ካርታ ላይ ለማስፈርም ኡሻሂዲ የተባለው መሣሪያ አገልግሏል። ኡሻሂዲ እ.ኤ.አ. በ2008 ከኬንያ ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ወቅት እዚያው ኬንያ የተሠራ ሲሆን ስሙም በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ተጎጂው በሚችለው መንገድ ይናገራል፤ ወደ ሰንጠረዥ የሚያስገባው ሌላ ሰው ነው። በእኛም አገር ገበሬው በ8028 ደውሎ የግብርና ምክር በድምፅ ይሰማል፤ ማንበብ አይጠበቅበትም።

በእናትዎ ሰፈር ለዚህ ሥራ ከእድሩ የተሻለ አካል አላውቅም። እድሩ የአባላቱ ስም፣ ቤትና ስልክ ያለበት መዝገብ አስቀድሞ አለው፤ ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ የታመሙትንና አቅም የሌላቸውንም ያውቃል። የእድሩን ጸሐፊ አነጋግረው ክረምቱ ሳይገፋ የእነዚህ ሰዎች ስም ለብቻ እንዲወጣ፣ ለእያንዳንዳቸውም ስማርት ስልክ ያለው አንድ ጎረቤት እንዲመደብ ይጠይቁ። ነፋስ ወይም ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ጎረቤቱ ሄዶ ወይም ደውሎ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያነብላቸዋል፣ መልሱን ይሞላል፣ ከመላኩ በፊትም የጻፈውን መልሶ ያነብላቸዋል። ለዚህ ሲባል በቅጹ ላይ «የሚሞሉት ለራስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?» የሚል ጥያቄ መኖር አለበት፤ አለዚያ የጎረቤቱ ስልክ ተመዝግቦ ሸራው ወደ ጎረቤቱ ቤት ይሄዳል።

ከዚህ ሌላ ጥያቄዎቹ በዚያው ቅደም ተከተልና ቁጥር በወረቀት ታትመው በአንድ ሱቅ ወይም በእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ ቤት ይቀመጡ። ቅደም ተከተሉ አንድ መሆኑ ጥቅም አለው፤ ወደ ሰንጠረዥ የሚያስገባው ሰው ሳይሳሳት በፍጥነት ያስገባል። እርስዎም ከኮዬ ፈጬ ሆነው ሊንኩን ከፍተው ለእናትዎ መሙላት ይችላሉ፤ በስልክ ሲጠይቋቸው ግን «ደህና ነሽ ወይ?» ብቻ ብለው አይለፉ፤ እናቶች ልጅ እንዳይጨነቅ «ደህና ነኝ» ማለት ያዘወትራሉ። «አልጋሽ ደረቅ ነው? ውኃው ደጃፉን አልፏል? ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ብለው ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ነዋሪ ነኝ። ጉዳት ለማስመዝገብ የላክሁት የመኝታ ቤቴ ፎቶ፣ ልጆቼ በፒጃማ ሆነው የሚታዩበት ሳይቀር፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ስልክ ላይ አገኘሁት። ከእንግዲህ ፎቶ አልልክም ብዬ ወስኛለሁ፤ ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ ውሳኔዎ ግን ወደፊት እርስዎን እንዳይጎዳ እሰጋለሁ፤ የጥገናም ሆነ የመድን ጥያቄ ሲነሣ ፎቶ ዋና ማስረጃ ነውና። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ለተወሰነ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ እንዲሰበሰብና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይጠይቃል። የማኅበር ኮሚቴም ፎቶ ሲሰበስብ ይህን መርሕ መጠበቅ አለበት። ፎቶ ወደ ጋራ ግሩፕ ሳይሆን ለዚሁ ወደተመደበ አንድ ሰው ይላክ፤ የመልሶቹ ሰንጠረዥ «ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ማየት ይችላል» በሚለው ቅንብር አይቀመጥ፤ በጎግል ፎርም ላይ የመልሶችን ማጠቃለያ ለመላሾች የሚያሳየው ምርጫም ይዘጋ። ወረዳው ዘንድ የሚሄደው ዝርዝር የብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክና የጉዳት ዓይነት ከያዘ ይበቃል፤ ፎቶው ሲጠየቅ ይታያል።

በእርስዎ በኩል ደግሞ ፎቶ ሲያነሡ ሰው ከክፍሉ ይውጣ፤ ልብስና ሰነድ ይነሣ። አንዱን ፎቶ ራቅ ብለው የብሎኩ ቁጥር እንዲታይ፣ ሌላውን ቀርበው የፈሰሰበት ኮርኒስ ወይም የተሰበረው መስታወት እንዲታይ አድርገው ያንሡ፤ ጣሪያ ላይ ግን ለፎቶ ብለው አይውጡ፤ እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፣ የላላ ሞራሌም ሰው አይችልም። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ የተነሣበትን ጊዜ የሚያሳየው መረጃ ይጠፋበታል፤ ማስረጃ እንዲሆንዎ ከፈለጉ እንደ ፋይል ይላኩት፣ ዋናውንም በስልክዎ ያስቀሩት። ፋይሉ የተነሣበትን ቦታም ይዞ ሊሄድ እንደሚችል ያስተውሉና የሚልኩለትን ሰው ይምረጡ።

አስቀድሞ ለወጣው ፎቶ ደግሞ ዛሬውኑ ለግሩፑ አስተዳዳሪ በጽሑፍ ያመልክቱ። የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳዳሪ መልእክቱን ከሁሉም አባል ላይ ማጥፋት ይችላል፤ አስቀድመው በስልካቸው ያወረዱት ሰዎች ግን በየራሳቸው መጠየቅ አለባቸው፤ ይህንንም አስተዳዳሪው በግሩፑ ላይ በስሙ ቢጠይቅ እርስዎ ብቻዎን ከሚጠይቁት ይልቅ ይሰማል።